አራሹ ሌላ፣ ተከፋዩ ሌላ

ስለ አሜሪካ እርሻ ስናስተምር አንድ ተማሪ ከኋላ ወንበር እጁን አውጥቶ፣ «መንግሥት ለገበሬ ይከፍላል እንዴ? ግብር የሚከፍለው ገበሬው አይደለም?» ሲል ጠየቀን። ክፍሉ ሳቀ። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም፤ በዕለቱ የሰጠነው መልስም እኛኑ አላረካንም። ቀሪውን እነሆ።

ነገሩ የተጀመረው በ1933 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የእህልና የጥጥ ዋጋ ወድቆ ገበሬው ባዶ እጁን በቀረበት በዚያ ዘመን፣ የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መንግሥት ጥጥ የዘራ ገበሬ በፈቃዱ ከማሳው ከፊሉን ገልብጦ በምትኩ ገንዘብ እንዲቀበል አደረገ። ምርት ሲያንስ ዋጋ ይነሣል በሚል ነበር። ይሁን እንጂ ገንዘቡ የሚያልፈው በባለመሬቱ እጅ ነበር። በደቡቡ ክፍል እኩል የሚያርሱት ጢሰኞች፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ ጥቁሮች፣ ድርሻቸውን ተነፈጉ። የሚታረሰው መሬት ሲያንስ ደግሞ ብዙዎች ከነቤተሰባቸው ተባረሩ። ድጎማው ለተቸገረ ተብሎ ወጥቶ የተቸገረውን ከጎጆው አስወጣው ማለት ነው።

ዛሬስ? ስሌቱ ረቀቅ ብሏል። ክፍያው ገበሬው ዘንድሮ በዘራው ሳይሆን ቀድሞ በመዝገብ በሰፈረለት ማሳ ይታሰባል። በቆሎ የተመዘገበለት ሰው አኩሪ አተር ቢዘራም የሚከፈለው በበቆሎው ነው። በቋሚ ክፍያው ዘመን ይህ አሠራር ጉድ አፍልቶ ነበር፤ ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ በ2006 እንደዘገበው ከ2000 ጀምሮ ቢያንስ 1.3 ቢሊዮን ዶላር ጨርሶ ለማያርሱ ሰዎች ተከፍሏል። ቋሚ ክፍያው በ2014 ቀረ።

በምትኩ ከመጡት አንዱ በካውንቲ የሚሰላው ነው። ካውንቲን በግምት እንደ እኛ ወረዳ እንውሰደው። የካውንቲው አማካይ ምርት በአገሪቱ ዋጋ ተባዝቶ ከተለመደው ገቢ 86 በመቶ በታች ሲወርድ ክፍያ ይመጣል፤ በ2025 የወጣው ሕግ መጠኑን ወደ 90 ከፍ አድርጎታል። እንግዲህ በረዶ የአንዱን ማሳ ብቻ ጠራርጎ ቢወስደውና ጎረቤቶቹ በደንብ ቢያመርቱ፣ ከዚህ በኩል አንዲት ሳንቲም አያገኝም። (የሰብል ኢንሹራንስ ካለው እርሱ ለብቻው ነው።) በአንጻሩ ካውንቲው በጠቅላላ ከተጎዳ፣ ጎተራው የሞላለትም አብሮ ይከፈለዋል። ያውም ገንዘቡ የሚደርሰው ከአጨዳው ዓመት ያህል ቆይቶ ነው፤ የዘርና የማዳበሪያ ዕዳ ግን እስከዚያ አይጠብቅም።

መሬቱን በጥሬ ገንዘብ የተከራየ ድጎማውን ራሱ ይቀበላል፤ በእኩል የሚያርስ ከባለመሬቱ ጋር ይካፈላል። የመጀመሪያው ያተረፈ ይመስላል። ባለመሬቱ ግን ድጎማ መኖሩን ያውቃልና ከፊሉን በኪራይ ጭማሪ መልሶ ይወስደዋል። ለአንድ ሰው የሚከፈለውም ጣሪያ በ2025 ከ125,000 ወደ 155,000 ዶላር ከፍ ብሏል። ጣሪያው የሚያሳስበው ሰፊ ማሳ ያለውን እንጂ ጥቂት ሄክታር የያዘውን አይደለም።

የጉዳዩ ዳፋ ውቅያኖስ ተሻግሮ እስከ ማሊ ደርሷል። በድጎማ የተመረተ የአሜሪካ ጥጥ ገበያውን ሲያጥለቀልቅ የዓለም ዋጋ ወረደ፤ በእጁ ለቅሞ የሚሸጠው የማሊና የቡርኪናፋሶ ገበሬ ደግሞ የሚደጉመው መንግሥት አልነበረውም። ሁለቱ አገሮች ከቤኒንና ከቻድ ጋር ሆነው በ2003 ለዓለም ንግድ ድርጅት አቤት አሉ። ብራዚል ከዚያ በፊት በ2002 ከስሳ ነበር፤ ረታችም። በ2014 አሜሪካ 300 ሚሊዮን ዶላር ልትከፍል ተስማማችና ክርክሩ ተዘጋ። ገንዘቡ የተከፈለው ለብራዚል ጥጥ አምራቾች ነው። አራቱ የአፍሪካ አገሮች በዚያ ውል ውስጥ አልነበሩም።