ያልተበደራችሁት ዕዳ ክሬዲታችሁ ላይ ተመዝግቦ ብታገኙ ምን ታደርጋላችሁ?

አፓርትመንት ለመከራየት አመለከታችሁ። የማመልከቻውንም ከፈላችሁ። በማግስቱ "አልተቀበልነውም" የሚል ኢሜይል መጣ፤ ምክንያቱ ክሬዲት ነው። ሪፖርቱን አውጥታችሁ ስታዩት ስሙን እንኳን ሰምታችሁ የማታውቁት ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት "ዕዳ አለበት፣ አልከፈለም" ብሎ አስመዝግቧችኋል።

አሜሪካ የምትኖሩ ቤተሰቦቻችን፣ ይህ እናንተ ላይ ብቻ የደረሰ ጉድ አይደለም። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን (ኤፍቲሲ) በፈረንጆቹ 2013 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ ከተሳታፊዎቹ ከአምስቱ አንዱ ቢያንስ በአንዱ ሪፖርቱ ላይ ስህተት ተገኝቶበት፣ ከተከራከረ በኋላ ታርሞለታል።

እንዲህ ሲያጋጥም አንዳንዱ "ከፍዬ ልገላገል" ይላል። ሌላው ስልኩ ላይ "ዲስፒዩት" የምትለዋን ነክቶ ይጠብቃል። ሁለቱም ብዙ ጊዜ አያዋጡም። ሕጉ ከእናንተ ጎን ነው፤ ግን ጉልበት የሚኖረው ማስረጃና ቀን ይዛችሁ ስትመጡ ነው። እንዴት እንደሆነ በቅደም ተከተል እንየው።

📌 ሪፖርቱ ላይ ያሉት ቃላት ምን ማለት ናቸው?

አንድ ክፍያ ጥቂት ቀን ቢዘገይ አበዳሪው ቅጣት ሊጠይቅ ይችላል እንጂ ሪፖርት ላይ አይወጣም። ሪፖርት ላይ የሚወጣው 30 ቀን ሲያልፈው ነው። ከዚያ 60፣ 90 እያለ ይቆጠራል። የክሬዲት ካርድ ዕዳ 180 ቀን ሳይከፈል ከቆየ ባንኩ "ቻርጅ ኦፍ" ይለዋል። ይህ ማለት ባንኩ በራሱ መዝገብ ላይ እንደ ኪሳራ ያዘው ማለት ነው እንጂ ዕዳው ተሰረዘላችሁ ማለት አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል።

ባንኩ ዕዳውን ለዕዳ ሰብሳቢ ሲሰጠው ወይም ሲሸጠው ደግሞ "ኮሌክሽን" ተብሎ ይወጣል።

ሁለቱም ሪፖርት ላይ የሚቆዩት 7 ዓመት አካባቢ ነው። ቆጠራው የሚነሳው ክፍያው መጀመሪያ ከተቋረጠበትና ከዚያ በኋላ ካልተስተካከለበት ጊዜ ነው። ዕዳው ሦስት ጊዜ ቢሸጥ እንኳን ቆጠራው እንደ አዲስ አይጀምርም። ዕዳ ሰብሳቢው "እኔ የገዛሁት አምና ነው" ብሎ አዲስ ቀን ካስገባ ስህተት ነው፤ ልትከራከሩበት ትችላላችሁ።

📌 የእኛ ስም ለምን ያምታታል?

እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የአባታችን ስም ነው አሜሪካ ስንመጣ "ላስት ኔም" የሚሆነው። አስቡት፣ ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ብቻ ስንት ዳዊት ተስፋዬ አለ? ስንት ሳራ ከበደ? በዚያ ላይ "ጸሐይ" የሚለውን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል አንዱ ወረቀት በአንድ መልክ፣ ሌላው በሌላ መልክ ይጽፈዋል። የልደት ቀናቸው በትክክል ስላልታወቀ ብቻ ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተመዘገበላቸው ስደተኞችም ብዙ ናቸው።

የክሬዲት ቢሮዎቹ ኮምፒውተር ፋይል የሚያገናኘው ስምን፣ የልደት ቀንን፣ አድራሻንና ሶሻልን አመሳስሎ ነው። ሁሉም ነገር መቶ በመቶ ካልገጠመም "ያው ሰው ነው" ብሎ ሊያያይዘው ይችላል። የሌላ ሰው ዕዳ እናንተ ፋይል ውስጥ የሚገባው እንዲህ ነው።

ይህ ደግሞ ሐበሻ ላይ ብቻ የሚደርስ አይደለም። ኦሪገን የምትኖር አንዲት አሜሪካዊት ከስሟ ሞክሼ ጋር ፋይሏ ተቀላቅሎባት ለሁለት ዓመት ያህል ደጋግማ ስህተቱን አመለከተች። አልታረመም። ኢኩፋክስን ከሰሰች። የፌዴራል ፍርድ ቤት ጁሪ በ2013 18.6 ሚሊዮን ዶላር ፈረደላት። ዳኛዋ በኋላ ገንዘቡን ከ2 ሚሊዮን በታች አወረዱት፤ መርታቷ ግን አልተለወጠም። እጇ ላይ የነበረው ትልቁ ነገር ደጋግማ ማመልከቷን የሚያሳየው መዝገብ ነበር።

📌 መጀመሪያ ሦስቱንም ሪፖርት አውጡ

ቢሮዎቹ ሦስት ናቸው፦ ኢኩፋክስ፣ ኤክስፔሪያን እና ትራንስዩኒየን። የተለያዩ ኩባንያዎች ስለሆኑ አንዱ ጋ ያለው ስህተት ሌላው ጋ ላይኖር ይችላል። ሦስቱንም በነጻ፣ በየሳምንቱ፣ አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ላይ ማውጣት ይቻላል። በስልክ ከሆነ 1-877-322-8228 ነው። ነጥብ ብቻ የሚያሳዩ አፖች ለዚህ ጉዳይ አይበቁም፤ ሙሉው ሪፖርት ነው የሚያስፈልገው።

ቤት ወይም ሎን ከተከለከላችሁ ደግሞ የከለከላችሁ አካል የየትኛውን ድርጅት ሪፖርት እንዳየ የመናገር ግዴታ አለበት። ከዚያ ድርጅት በ60 ቀን ውስጥ ነጻ ቅጂ የመጠየቅ መብት አላችሁ።

📌 ከመከራከራችሁ በፊት፦ ዕዳው የማን ነው?

እዚህ ጋ ለራሳችሁ እውነቱን ንገሩ። መንገዱ እንደ መልሱ ይለያያል።

👉 የሌላ ሰው ነው። ፋይል ተቀላቅሏል። የእናንተ ያልሆነ አድራሻ ወይም የስም አጻጻፍ ሪፖርቱ ላይ ካለ ጥሩ ፍንጭ ነው፤ እሱም ጭምር እንዲወጣ ጠይቁ።

👉 በስሜ ሌላ ሰው ተበድሯል። ይህ የማንነት ስርቆት ነው። አይደንቲቲ ቴፍት ዶት ጋቭ ላይ ገብታችሁ የኤፍቲሲ ሪፖርት ሙሉ። እሱን፣ መታወቂያችሁንና ዕዳው የእናንተ አለመሆኑን የሚገልጽ ቃላችሁን ጨምራችሁ ከላካችሁ ቢሮዎቹ መዝገቡን በ4 የሥራ ቀናት ውስጥ ማገድ አለባቸው።

👉 የእኔ ነው፣ ግን ተሳስቷል። ተከፍሏል፣ መጠኑ ልክ አይደለም፣ ቀኑ ልክ አይደለም፣ ወይም አንዱ ዕዳ በሁለት ዕዳ ሰብሳቢ ስም ሁለት ጊዜ ወጥቷል። የሕክምና ዕዳ ከሆነ ደግሞ ሦስቱ ቢሮዎች ከ2022 እና 2023 ጀምሮ የተከፈለውንም ከ500 ዶላር በታች የሆነውንም ከሪፖርት አውጥተዋል። እንዲህ ያለው ዛሬም ካለባችሁ አመልክቱ።

👉 የእኔ ነው፣ ልክም ነው። ይህን በክርክር ማስወጣት አይቻልም። ለጓደኛ ወይም ለዘመድ "ኮሳይን" ያደረጋችሁት ሎንም እዚህ ውስጥ ይገባል። "እኔ እኮ ለእሱ ብዬ ነው የፈረምኩት" ማለት አይሠራም፤ ከፈረማችሁ ዕዳው የእናንተም ነው።

📌 አንዷን ቁልፍ መንካት ለምን አይበቃም?

ኦንላይን መከራከር ሕጋዊ ነው፣ ፈጣንም ነው። ችግሩ ከተሰጡት ምርጫዎች አንዱን ብቻ ነክታችሁ ስትተውት ነው። ቢሮው ቅሬታችሁን "ኢ-ኦስካር" በሚባል ሲስተም በኩል በአጭር ኮድ ቀይሮ ወደ አበዳሪው ይልከዋል። አበዳሪው ስምና አድራሻ አመሳክሮ "ልክ ነው" ብሎ ቢመልስ ጉዳዩ እዚያው ሊዘጋ ይችላል። ሞክሼያችሁ ከሆነ ደግሞ ስሙ መግጠሙ አይቀርም፤ ችግሩ የተፈጠረውም በዚያው ነው።

ስለዚህ በኦንላይንም ቢሆን ማስረጃ ጫኑ፣ ስክሪንሾት ያዙ። ጉዳዩ ከበድ ካለ ግን በፖስታ፣ በሰርቲፋይድ ሜይል፣ "ሪተርን ሪሲት" ጨምራችሁ ላኩ። የደረሰበት ቀን የተፈረመበት ወረቀት እጃችሁ ላይ ይቀራል።

ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ሆኖ አንድ ገጽ ይበቃዋል። እነዚህን ይያዝ፦

1. ሙሉ ስም፣ የልደት ቀን፣ አድራሻ እና የመታወቂያ ቅጂ
2. የምትከራከሩበት መዝገብ፦ የድርጅቱ ስም፣ ሪፖርቱ ላይ ያለው የአካውንት ቁጥርና መጠን
3. ለምን ስህተት እንደሆነ፣ በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር። "ይህ እኔ አይደለሁም፤ በዚህ አድራሻ ኖሬ አላውቅም፤ በዚያን ጊዜ እዚህ ነበርኩ" ዓይነት
4. ማስረጃ፦ የኪራይ ውል፣ የባንክ ስቴትመንት፣ ደረሰኝ፣ አሜሪካ የገባችሁበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀት። ዕዳው ከመምጣታችሁ በፊት የተከፈተ ከሆነ ይህ ብቻውን ብዙ ይናገራል
5. የምትፈልጉት፦ "ይሰረዝልኝ" ወይም "እንዲህ ተብሎ ይታረምልኝ"

ዋናውን ወረቀት አትላኩ፣ ኮፒ ብቻ። ሪፖርቱ ላይ ስህተቱን አክብቡበት። ስህተቱ ያለው ሦስቱም ጋ ከሆነ ለሦስቱም ለየብቻ ይላካል።

📌 ለባንኩ ብቻ አትጻፉ

ይህችን ልብ በሉ። መዝገቡን ላስገባው ባንክ ወይም ዕዳ ሰብሳቢ መጻፍ ጥሩ ነው፤ ግን ለቢሮው ሳትጽፉ ለእሱ ብቻ ከጻፋችሁ አንድ ትልቅ ነገር ያመልጣችኋል። በፌዴራሉ የክሬዲት ሪፖርት ሕግ መሠረት፣ ባንኩን በትክክል አላጣራህም ብላችሁ መክሰስ የምትችሉት ክርክሩ በክሬዲት ቢሮው በኩል ከደረሰው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ለቢሮው፣ ኮፒውን ለባንኩ።

ዕዳ ሰብሳቢ አሁን እየደወለ ካስቸገራችሁ ደግሞ ሌላ መብት አለ። የዕዳውን ዝርዝር የሚገልጽ ማስታወቂያ ከደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ "ይህን ዕዳ አልቀበልም፣ አረጋግጥልኝ" ብላችሁ በጽሑፍ ከጠየቃችሁ፣ ማረጋገጫውን እስኪልክ ድረስ መሰብሰቡን ማቆም አለበት።

📌 ቆጠራው

ቢሮው ማጣራቱን በ30 ቀን ውስጥ መጨረስ አለበት። ነጻውን የዓመት ሪፖርት አውጥታችሁ ከሆነ የተከራከራችሁት፣ ወይም በመሃል ተጨማሪ ማስረጃ ከላካችሁ፣ እስከ 45 ቀን ሊሄድ ይችላል። ውጤቱን ከጨረሰ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ያሳውቃል። አበዳሪው ካላረጋገጠ ወይም መልስ ካልሰጠ መዝገቡ መሰረዝ ወይም መታረም አለበት።

ተሰርዞ ተመልሶ የሚመጣም አለ። ቢሮው የተሰረዘን መዝገብ ሲመልስ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ሊነግራችሁ ይገባል። ስለዚህ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ሪፖርቱን ደግማችሁ እዩ።

📌 "አጣርተናል፣ ልክ ነው" ቢሏችሁስ?

ተስፋ አትቁረጡ፤ ግን ያንኑ ደብዳቤ መልሳችሁ አትላኩ። አዲስ ነገር የሌለበትን ክርክር ቢሮው እንደ ተራ ነገር ሊዘጋው ይችላል። እንዴት እንዳጣሩ እንዲገልጹላችሁ ጠይቁ፣ አዲስ ማስረጃ ጨምሩ። ከዚያ ለፌዴራሉ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ (ሲኤፍፒቢ) እና ለስቴታችሁ አቃቤ ሕግ ቅሬታ ማስገባት ይቻላል።

ጉዳቱ ከባድ ከሆነ የሸማቾች ጉዳይ ጠበቃ አማክሩ። ከረታችሁ የጠበቃውን የሚከፍለው ተከሳሹ ስለሆነ ቅድሚያ ገንዘብ የማይጠይቁ አሉ። ዋናው የጊዜ ገደብ ጥሰቱን ካወቃችሁበት 2 ዓመት ነው፤ አታዘግዩት።

📌 እነዚህን አታድርጉ

❌ ያልተበደራችሁትን ዕዳ "ለመገላገል" አትክፈሉ። መክፈል እንደ ማመን ሊቆጠርባችሁ ይችላል። በብዙ ስቴቶች ደግሞ በአሮጌ ዕዳ ላይ ጥቂት ዶላር መክፈል የመከሰሻውን ጊዜ እንደ አዲስ ያስጀምረዋል።

❌ ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ "ክሬዲት እናጸዳለን፣ ቅድሚያ ክፈሉ" ለሚሉ አትክፈሉ። ክሬዲት አጽጂ ድርጅት ሥራውን ሳይጨርስ ገንዘብ መቀበል በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። እነሱ የሚልኩትን ደብዳቤ እናንተ በነጻ ትልኩታላችሁ።

❌ "ሲፒኤን" የሚባል ቁጥር ገዝታችሁ በሶሻል ፋንታ አትጠቀሙ። የሌላ ሰው ሶሻል ሊሆን ይችላል፤ ወንጀል ውስጥ ያስገባችኋል።

የቤት ማመልከቻ ከማስገባታችሁ ሁለት ወር በፊት ሦስቱን ሪፖርት አውጥታችሁ እዩ። ስህተት ካለ 30 ወይም 45ቱ ቀን የሚያልቀው ቁልፉን ከመቀበላችሁ በፊት ይሆናል። ከአገር ቤት ገና የመጣ፣ ክሬዲት ምን እንደሆነ እየተማረ ያለ ወንድም ወይም እህት ካላችሁ ይህን ላኩላቸው። ጥያቄ ካለ ኮሜንት ላይ ጻፉ፤ የሶሻልና የአካውንት ቁጥራችሁን ግን እዚያ ላይ እንዳትለጥፉ።