ከሐኪም ጋራ ሲመለከቱ፦ ፍጥረታትና ምኅዳራቸው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከሐኪም ጋራ ላይ ቆሞ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው ሐረር ጁገል በግንብ እንደ ታጠረች ትታየዋለች። ቀን ቀን ከተማዪቱ የሰው ናት። ሲመሽ ግን ጅቦች ከየማደሪያቸው ወጥተው በግንቡ ሥር በተተዉላቸው ቀዳዳዎች ይገባሉ፤ ሳይነጋም ይመለሳሉ። ነቢዩ ዳዊት በመዝሙር 103 ስለ ፍጥረታት ሲዘምር አራዊት በሌሊት እንደሚወጡ፣ ፀሐይ ስትወጣ እንደሚሰበሰቡ፣ ሰውም በተራው ወደ ተግባሩ እንደሚሄድ ያስተምረናል። ሐረር ላይ ይህ ተራ በዓይን ይታያል።

ምኅዳር የሚለው ቃል “ኀደረ” ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ሲሆን ማደሪያ ማለት ነው። ሥነ ምኅዳርም ሕያዋን ፍጥረታት እርስ በርሳቸው፣ እንዲሁም ከአፈር፣ ከውኃ፣ ከአየርና ከብርሃን ጋር ያላቸውን ግንኙነት የሚመረምር ትምህርት ነው። ዕፀዋት በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን ያዘጋጃሉ፤ ከብቱ ሣሩን ይበላል፤ ሰውና አውሬ ከብቱን ይበላሉ። በመጨረሻም በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ነፍሳት የሞተውን ሁሉ አፍርሰው ወደ አፈር ይመልሱታል።

በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ጅብ የተናቀ ይምሰል እንጂ ሥራው ታላቅ ነው። መንጋጋው አጥንትን ይሰብራል፤ ሆዱም ይፈጨዋል። ሜዳ ላይ ተጥሎ በሽታ የሚያዛምተውን በድንና የሥጋ ቤት ትራፊ በአንድ ሌሊት ያነሣዋል። ስሙን ለስድብ የምናውል ሁሉ ይህን ብናስብ መልካም ነው።

ስለ ጅብ ከተደረጉት ጥናቶች አንዱ እኛን ምእመናንን በቀጥታ ይነካናል። በትግራይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ይህ ጥናት የጅቦችን ኩስ በዐቢይ ጾም ፊት፣ በጾሙ ውስጥና ከጾሙ በኋላ መርምሮ፣ በውስጡ የተገኘውን የእንስሳት ፀጉር ለየ። በጾሙ ወራት የአህያ ፀጉር በግልጽ በዛ። ምክንያቱ አስቸጋሪ አይደለም። ሕዝቡ ለ55 ቀናት ከሥጋ ሲከለከል የሚጣለው አጥንትና ትራፊ ስለሚቀንስ፣ ጅቡ ፊቱን ወደ አህያ ይመልሳል። ጾማችን በነፍሳችንና በእግዚአብሔር መካከል ብቻ የሚቀር ይመስለን ነበር፤ እነሆ የአራዊቱን ማዕድ ሳይቀር ይለውጣል! ባለ አህያ ገበሬ በዚያ ወቅት በረቱን አጥብቆ መዝጋት እንደሚገባውም ከዚህ ይረዳል።

ሰንሰለቱ የተበጠሰበትን ደግሞ ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። በታኅሣሥና በሐምሌ 19 ከሐረር ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚጓዝ ምእመን በሐረማያ በኩል ያልፋል። በዚያ የነበረው ሐይቅ የሐረርን ሕዝብ ለብዙ ዘመን አጠጥቷል። ይሁን እንጂ በዙሪያው ያለው ተዳፋት ከዛፍ ተራቆተ። ሥር ያልያዘው አፈር በክረምት ጎርፍ እየታጠበ ሐይቁን ደለል ሞላው፤ ለጫትና ለአትክልት መስኖ የሚስበው ሞተርም በረከተ። ጥልቀቱ ያነሰ ውኃ ደግሞ በፀሐይ ፈጥኖ ይተንናል። በ1990ዎቹ ዓመታተ ምሕረት አጋማሽ ሐይቁ ደረቀ፤ ዓሣውና የውኃ ወፉም አብረው ጠፉ። ሐረር ከዚያ ወዲህ ውኃዋን ከድሬዳዋ ቆላ፣ ከጥልቅ ጉድጓድ፣ ሽቅብ በግፊት እያስወጣች ትጠጣለች።

ከእነዚህ ምክንያቶች አንዱ ብቻውን ሐይቁን ባላደረቀው ነበር። ዛፉን የቆረጠው ሰው ሐይቅ አደርቃለሁ ብሎ አላሰበም፤ ሞተር ያቆመውም ልጆቹን ሊመግብ ነበር። አዳም ገነትን እንዲያለማና እንዲጠብቅ ሁለቱ በአንድነት ታዝዞለት ሳለ፣ እኛ ማልማቱን ይዘን መጠበቁን ለሌላ ተውነው።

ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ዝናቡ ሲበረታና በተራሮቹ ላይ የአፈርና የውኃ ጥበቃ ሥራ ሲሠራ፣ ውኃው ተመልሶ በሐረማያ ታይቷል። ወፎችም መጥተዋል። በዳርቻው ያለው ገበሬ ግን ዛሬም ውኃ ያስፈልገዋል።