ያለ ወረቀት ለመማር ተማሪው ተሰናድቷልን?



ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን ሲጓዙ ከከተማዪቱ ጥቂት ቀደም ብለው ጫጫን ያልፋሉ። በዚያ ብርድ፥ በገብስና በባቄላ ማሳ መካከል ወደ ትምህርት ቤት የሚገሠግሠው ልጅ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ነው። ነገ ደብተሩን ትቶ በኮምፒዩተር ገጽ ላይ ብቻ ተማር ቢባል ተሰናድቷልን? ነገሩ የሩቅ አይደለም። የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና በ2016 ዓ.ም. ከወረቀቱ ጎን በኮምፒዩተርም ተሰጥቷል።

ያለ ወረቀት መማር እንኳ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን በልቡ ቆጥሮ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም የሳተውን ያርምለታል። ወረቀቱ ባይኖር የሠለጠነ ልቡናና የሚጠይቅ መምህር አሉ።

በ1997 ዓ.ም. ግድም ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የገባው፥ ሕዝቡ «ፕላዝማ» ብሎ የሰየመው ትምህርት የጎደለው ይኸው ነበር። መሣሪያው በእንግሊዝኛ ሲገሠግሥ ተማሪው መጻፊያ ጊዜ ያጥረዋል፤ ያልገባውን ድገምልኝ ሊለው አይችልም፤ መብራት ከጠፋም የዕለቱ ትምህርት አለፈ ማለት ነው። መምህሩ በገዛ ክፍሉ እንግዳ ሆኖ መቆሙ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያሳዝን ነበር።

የልጆቹ እጅ ግን አይታማም። በ2004 ዓ.ም. ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ ይድረስ ብሎ የተነሣ የአሜሪካ ድርጅት፥ በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ፊደል ላልቆጠሩ ሕፃናት በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶች ያለ አስተማሪ አደለ። ድርጅቱ እንደ ገለጠው ማብሪያውን ለማግኘት ደቂቃዎች በቋቸው፤ በሳምንታት ውስጥም የእንግሊዝኛን ፊደል በዜማ ይሉ ጀመር። የሚያስደንቅ ነው፤ ነገር ግን ፊደልን በዜማ ማለትና አንድ ገጽ አንብቦ ቁም ነገሩን ማውጣት ለየቅል ናቸው። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገ የንባብ ምርመራ ከ100 የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34ቱ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። በወረቀት ላይ ማንበብ ያልቻለ ልጅ ገጹ ስላበራለት ብቻ አያነብም።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉም ትምህርቱ በራዲዮ፥ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም እንዲሰጥ ተሞከረ። ስልክና መብራት በቤቱ ያለው ልጅ ተከታተለ፤ የሌለው ቀረ። የኮምፒዩተርን ቁልፍ በፈተናው ዕለት መጀመሪያ የሚነካ የገጠር ልጅም የሚፈተነው በታሪክ ወይም በሒሳብ ብቻ አይሆንም፤ በእጁ መፍራትም ጭምር ነው። ስለዚህ መሣሪያው ከፈተናው ብዙ ወራት ቀድሞ፥ ከነመምህሩ፥ ከደጁ መድረስ አለበት።

እርስዎ ግን የከተማ ሰው ነዎትና ልጅዎ በስልክ ፈጣን ስለ ሆነ ተሰናድቷል ይሉ ይሆናል። እንግዲያውስ ዛሬ ማታ ከትምህርቱ አንድ ገጽ በስልኩ ላይ በጸጥታ ያንብብ። ከዚያ ስልኩን ይቀበሉትና፥ እንደ ቅኔ ተማሪው ከፊትዎ ቆሞ ያነበበውን ይንገርዎ።