የሕፃናት የአየር ቧንቧ መላላትና ቱቦ ሳይገባ የሚደረገው ምርመራ

አንዳንድ ሕፃን ከተወለደ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሲተነፍስ ድምፅ ማሰማት ይጀምራል። ተኝቶ ሲያዩት ደህና ነው፤ ሲያለቅስ፣ ሲጠባ ወይም ጉንፋን ሲይዘው ግን ደረቱ ሲጥ ሲጥ ይላል፣ ሳሉም የውሻ ጩኸት ይመስላል። ዘመድ «ብርድ መትቶት ነው» ይላል፤ ጎረቤት «እንጥሉ ወርዷልና ይቆረጥ» ብላ ትመክራለች፤ ሕክምና ሲወሰድም አስም ነው ተብሎ መድኃኒት የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ከእነዚህ ሕፃናት መካከል የጥቂቶቹ ችግር ግን ከሦስቱም የተለየ ነው። የአየር ቧንቧቸው ላልቷል፤ ይህም በሕክምና አጠራሩ ትራኪዮማሌሺያ ይባላል።

የአየር ቧንቧ ከማንቁርት ተነሥቶ ወደ ሳንባ የሚወርደው ነው። ግድግዳውን ደግፈው ክፍት አድርገው የሚይዙት እንደ ጆሮአችን ከለስላሳ አጥንት የተሠሩ ቀለበቶች ናቸው። ቀለበቶቹ በጀርባ በኩል ጫፍና ጫፋቸው አይገጥምም፤ ክፍተቱን ሥጋ ይሸፍነዋል። ቀለበቶቹ በቂ ጥንካሬ ከሌላቸው ወይም የኋላው ሥጋ ከሰፋ፣ ልጁ አየር ሲያስወጣ ቧንቧው ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ አየር ሲያስገባ ደግሞ ተመልሶ ይከፈታል። የአውሮፓ የመተንፈሻ አካላት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መግለጫ መሠረት፣ ልጁ ረጋ ብሎ እየተነፈሰ አየር ሲያስወጣ የቧንቧው ስፋት ከግማሽ በላይ ከጠበበ ችግሩ አለ ይባላል።

በሆላንድ አገር በሮተርዳም ከተማ በሚገኘው የሶፊያ የሕፃናት ሆስፒታል ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት፣ ከ2,100 ሕፃናት ቢያንስ አንዱ የአየር ቧንቧው ወይም የቧንቧው ቅርንጫፎች ላልተው እንደሚወለድ ገምቷል። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱና ለረጅም ጊዜ በመተንፈሻ መሣሪያ የቆዩ፣ እንዲሁም የምግብ ቧንቧቸው ሳይገጥም የተወለዱ ልጆች ይበልጥ ይጠቃሉ። በአንዳንዶቹ ደግሞ ከልብ የሚወጣ ትልቅ የደም ሥር ቧንቧውን ከውጭ ይጫነዋል። እናቲቱ ልጁን ብርድ ስላስመታችው የሚመጣ ነገር አይደለም።

ስለ እንጥል አንድ ነገር እንበል። እንጥል አፍ ውስጥ ከምላስ ጀርባ ያለች ናት፤ የላላው ቧንቧ ግን ከአንገት ወደ ደረት የሚወርደው ነው። እንጥልን መቁረጥ ቧንቧውን አያጠነክረውም። ደም መፍሰስንና የቁስል ማመርቀዝን ያስከትላል፤ ቀድሞውንም በጭንቅ የሚተነፍስ ሕፃን በዚህ ሊሞት ይችላል።

ሐኪሞች ችግሩን በእርግጠኝነት ለማወቅ እስከ ዛሬ በዋናነት የሚተማመኑት ብሮንኮስኮፒ በሚባለው ምርመራ ነው። ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍንጫ ወይም በአፍ ገብቶ ቧንቧውን ከውስጥ ያሳያል። ልጁ ማደንዘዣ ያስፈልገዋል፤ ማደንዘዣው ከበዛ ደግሞ ልጁ እንደ ወትሮው ስለማይተነፍስ መታጠፉ ላይታይ ይችላል። ምልክቱን ብቻ አይቶ መለየትም ቀላል አይደለም። ከላይ በተጠቀሰው የሮተርዳም ጥናት ችግሩ ከተገኘባቸው ልጆች መካከል በ52 በመቶዎቹ ላይ ሐኪሞቹ ከምርመራው በፊት አልጠረጠሩም ነበር።

ታዲያ ቱቦ ሳይገባ ማየት አይቻልም ወይ? ይቻላል፤ ነገር ግን ምስሉ እንቅስቃሴውን መያዝ አለበት። ተራው የደረት ራጅ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ልጁ አየር ሲያስገባ ነው፤ በዚያች ቅጽበት የላላውም ቧንቧ ክፍት ነው። ራጁ የሳንባ ምችን ለማየት ይጠቅማል፤ «ራጁ ንጹሕ ነው» ማለት ግን ቧንቧው ደህና ነው ማለት አይደለም። ይህን ነጥብ ወላጆች እንዲይዙልን እንፈልጋለን።

ሲቲ ስካን የተሻለ ያሳያል። ሰፋ ያለ መቀበያ ያላቸው አዳዲስ መሣሪያዎች 16 ሳንቲ ሜትር ያህል የሰውነት ክፍል ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያነሣሉ፤ የሕፃን የአየር ቧንቧ በዚህ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይገባል። በተከታታይ ሲነሣ ቧንቧው ሲከፈትና ሲታጠፍ እንደ ፊልም ይታያል፤ በደም ሥር መድኃኒት ተሰጥቶ ከሆነም የሚጫነው የደም ሥር ይለያል። ፍጥነቱ ብዙ ሕፃናትን ከማደንዘዣ ያድናል። ጉዳቱ ጨረሩ ነው። ሕፃናት ለጨረር ከአዋቂ ይልቅ ስሱ ስለሆኑ ሐኪሙ ያለ በቂ ምክንያት አያዝም፤ ወላጅም ከዚህ በፊት የተነሣ ምስል ካለ ይዞ መቅረብ አለበት።

ኤም አር አይ የሚሠራው በማግኔት በመሆኑ ጨረር የለበትም። ድምፁ ግን ከፍተኛ ነው፤ ጊዜም ይወስዳል። በአሜሪካ በሲንሲናቲ የሕፃናት ሆስፒታል የሚሠሩ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ሥራ፣ አራስ ሕፃናትን ያለ ማደንዘዣ በጸጥታ እየተነፈሱ አንሥተው የቧንቧውን መታጠፍ መለካት ችለዋል። ሕፃኑን ትንፋሽ ያዝ ማለት አይቻልምና፣ መሣሪያው ያለማቋረጥ ያነሣል፤ ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተር ምስሉን አየር ሲገባና ሲወጣ ብሎ ይለየዋል። እንዲህ ያለው ምርመራ በጥቂት ታላላቅ ሆስፒታሎች የሚደረግ ነው። ብሮንኮስኮፒንም ጨርሶ አይተካም፤ አክታ መውሰድ የሚቻለው በቱቦው ነውና።

ባልና ሚስት ቤት ውስጥ ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አለ። ልጁ ድምፅ ሲያሰማ በሞባይል ስልክ ቀርጻችሁ ለሐኪም አሳዩ፤ ክሊኒክ ሲደርስ ድምፁ ይጠፋልና። ድምፁ አየር ሲያስገባ ነው ወይስ ሲያስወጣ የሚመጣው? የአስም መድኃኒት ሲሰጠው ተሻለው ወይስ ባሰበት? አንዳንዱ የአስም መድኃኒት የቧንቧውን የኋላ ሥጋ ይበልጥ ስለሚያላላ መልሱ ለሐኪሙ ትልቅ ፍንጭ ነው። ይሁን እንጂ መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ። ልጁ ትንፋሹ ከተቋረጠ፣ ከንፈሩና ምላሱ ከበለዘ፣ የጎድን አጥንቶቹ መሀል ወደ ውስጥ ከገባ ወይም መጥባት ካቃተው ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይወሰድ።

አብዛኞቹ ልጆች ቧንቧቸው እያደገና እየጠነከረ ሲሄድ ሁለትና ሦስት ዓመት ሲሞላቸው ይሻላቸዋል። እስከዚያ ድረስ ክትባታቸውን በወቅቱ መውሰድ፣ ከከሰልና ከሲጋራ ጭስ መራቅ ይኖርባቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ከወሊድ በኋላ እስከሚቀጥለው እርግዝና ቢያንስ 24 ወር እንዲቆይ ይመክራል፤ ተቀራርቦ የሚመጣ እርግዝና ያለ ጊዜው የመውለድን አደጋ ስለሚጨምር፣ እንዲህ ያለ ልጅ ያላቸው ወላጆች ስለ መከላከያው ዘዴ ልጁን ለማስመርመር በመጡበት ቀን ነርሷን ሊያማክሩ ይችላሉ።