ሻንግ-ቺ መጀመሪያ የማን ልጅ ነበር?

የ2021ዱን «ሻንግ-ቺ» ፊልም ብዙዎቻችሁ በስልካችሁ አይታችሁታል። አውቶቡስ ውስጥ ያለችው ድብድብ መቼም አትረሳም። ልጁ ግን ፊልሙ ሲወጣ 48 ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። አወላለዱም ትንሽ ያሳፍራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው) አሜሪካ በኩንግ ፉ አብዳ ነበር። «ኩንግ ፉ» የሚባል የቲቪ ድራማ ነበር። ብሩስ ሊ ደግሞ ሐምሌ 1973 ሞቶ፣ «ኢንተር ዘ ድራገን» የወጣው ከሞቱ በኋላ ነው። ማርቭል ድራማውን በኮሚክ ሊሠራው ፈለገ፤ አልተፈቀደለትም። የድራማው ባለቤት ዋርነር ነው፣ ዋርነር ደግሞ የዲሲ ኮሚክስም ባለቤት ነው። ለተቀናቃኙ ለምን ይስጥ?

ስለዚህ ጸሐፊው ስቲቭ ኢንግልሃርትና ሰዓሊው ጂም ስታርሊን አዲስ ጀግና ፈጠሩ። ችግሩ አባቱ ላይ ነው። ማርቭል የእንግሊዛዊውን ደራሲ የሳክስ ሮመርን ገጸ ባሕሪ መብት ስላገኘ፣ ፉ ማንቹ የልጁ አባት ሆነ። ፉ ማንቹ ማለት «ቻይናዊ ተንኮለኛ ነው፣ ዓለምን ሊውጥ ነው» የሚለው የነጮች ፍርሃት ጺም አብቅሎ ሲመጣ ማለት ነው።

ሻንግ-ቺ መጀመሪያ የታየው ሽፋኑ ላይ ታኅሣሥ 1973 በተጻፈበት «ስፔሻል ማርቭል ኤዲሽን» ቁጥር 15 ላይ ነው። እኛ ጋ አብዮቱ ሊፈነዳ ጥቂት ወራት ሲቀሩት። ከዓለም ተገልሎ ያደገው ልጅ አባቱን ቅዱስ ሰው አድርጎ ነው የሚያምነው። አባቱ ለንደን ልኮ «ክፉ ሰው ነው» ያለውን ሽማግሌ ያስገድለዋል። ከዚያ እውነቱን ይሰማል፤ አሜሪካዊት እናቱን ሄዶ ሲጠይቃት እሷም ታረጋግጥለታለች። ተመልሶ አባቱ ፊት ቆሞ «ከዛሬ ጀምሮ ጠላትህ ነኝ» ይለዋል። በአንድ እትም ይሄ ሁሉ! እውነት ለመናገር፣ ከፊልሙ ይልቅ እዚህ ጋ ነው አንጀታችንን የበላን።

ኮሚኩ ከሁለት እትም በኋላ ስሙ «ማስተር ኦቭ ኩንግ ፉ» ሆኖ እስከ 1983 ዘለቀ። የቻይናውያኑ ቆዳ ግን ሰው በማይመስል ቢጫና ብርቱካናማ ቀለም ነበር የሚታተመው። በኋላ ማርቭል የፉ ማንቹን መብት ሲያጣ የአባትየውን ስም መጥራት አልቻለም፤ የድሮዎቹን እትሞች ሰብስቦ ያሳተመውም 2016 ላይ ነው። ፊልሙ ጭራሽ አባቱን ቀየረው፦ ቶኒ ሌውንግ የሚጫወተው ዌንዉ ሌላ ሰው ነው።

የራስህን ጀግና ሌላ ሰው ሲጽፍልህ እንዲህ ነው። በ2018 በሥራት ደበበ በኢታን ኮሚክስ ያወጣው «ጀምበር» በአማርኛም በእንግሊዝኛም ታትሟል። ጀግናው አማኑኤል ጥላሁን ተመርቆ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ልጅ ነው። ይሄን ችግር ማንም ሊያስረዳን አያስፈልግም።

የመቐለው ጀግና ሲመጣስ ከየት ሰፈር ይነሳ፦ ሓድነት፣ ዓዲ ሓቂ ወይስ ኲሓ?