ከድምፁ በፊት መስመሩ

የሠርግ ድንኳን ተተክሎ፣ ስፒከሮቹ ግቢው ውስጥ ተደርድረው፣ አምፕሊፋየሩ ሊከፈት ሲል ከቤተሰቡ አንዱ «መብራቱ ይችለዋል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

መልሱ ብዙዎች ከሚፈሩት ይቀላል። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ከ3000 እስከ 4000 ዋት ይስባል፤ የራሱ መስመርና ብሬከር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ፊቱ ላይ «1000 ዋት» የተጻፈበት አምፕሊፋየር ግን ይህን ያህል የሚያወጣው ከበሮው ጎላ ብሎ በሚመታበት ቅጽበት ብቻ ነው። ሙዚቃ ከፍ ዝቅ ይላል። በመሣሪያዎቹ የደህንነት ፍተሻም እንደ ተለመደ አጠቃቀም የሚወሰደው የሙሉ ጉልበቱ አንድ ስምንተኛ ነው።

ክላስ ኤቢ የሚባለው የተለመደው አምፕሊፋየር ከሚስበው ኃይል ጥቂት የማይባለውን በሙቀት ያባክናል። ያለማቋረጥ 1000 ዋት ቢያወጣ ከሶኬቱ 1650 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ በኢትዮጵያው 220 ቮልት ሲሰላ 7.5 አምፔር ማለት ነው። ደህና የተዘረጋ የ16 አምፔር መስመር ይህን ይሸከማል። በአሜሪካው 120 ቮልት ግን ያው ጭነት ወደ 14 አምፔር ይጠጋል፤ እዚያ የብዙ ክፍሎች ብሬከር ደግሞ 15 አምፔር ነው። ክላስ ዲ የሚባሉት አዳዲሶቹ ብክነታቸው በጣም አነስተኛ ነው።

ታዲያ ብሬከሩ ገና ማብሪያው ሲነካ ለምን ይወርዳል? ትልቁ ትራንስፎርመርና ገና ያልሞሉት ካፓሲተሮች በመጀመሪያዋ ቅጽበት ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ስለሚስቡ ነው። ቢ የሚል ምልክት ያለው ብሬከር የሚያልፍበት ኤሌክትሪክ ከተጻፈበት አምፔር ከ3 እስከ 5 እጥፍ ሲደርስ ወዲያው ይቆርጣል፤ ሲ የሚለው ከ5 እስከ 10 እጥፍ ድረስ ይታገሣል። ብዙ ጊዜ አምፕሊፋየሮቹን በየተራ መክፈት ይበቃል። ቤት የሚያቃጥለው መፍትሔ 16ቱን አውጥቶ 32 መግጠም ነው። ብሬከሩ የሚጠብቀው አምፕሊፋየሩን ሳይሆን ግድግዳ ውስጥ የተቀበረውን ሽቦ ነው፤ ለሶኬት የሚዘረጋው 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት ማንም ሳያየው ይግላል። እንደተጠቀለለ የሚሠራ ኤክስቴንሽንም እንዲሁ ይግላልና ሙሉ በሙሉ ይፈታ።

ከአሜሪካ ለመጣ አምፕሊፋየር ቮልት መቀነሻ ትራንስፎርመር ግድ ነው፤ የቮልት መምረጫ ካለው ወይም ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከተጻፈበት ግን አያስፈልገውም። ትራንስፎርመሩ የሚመረጠውም ከሚስበው ኃይል ሰፋ ያለ አቅም እንዲኖረው ተደርጎ ነው። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ዕቃ በ50 ኸርዝ ሲሠራ ይበልጥ ይሞቃልና አየር ያስፈልገዋል።

ከሁሉ የሚያሳስበው የምድር ሽቦ ነው። ስፒከሩ «እምም» ሲል አንዳንዶች ድምፁን ለማጥፋት ይቆርጡታል። ጩኸቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ዕቃዎቹ በተለያየ መንገድ ከምድር ጋር ሲገናኙ ነው፤ ሁሉንም ከአንድ ማከፋፈያ ማስነሣት ብዙውን ጊዜ ያስወግደዋል። የምድር ሽቦው ተቆርጦ አምፕሊፋየሩ ውስጥ አንድ ሽቦ ከብረት ሣጥኑ ጋር ቢነካካ፣ ኤሌክትሪኩ እርጥብ ሣር ላይ ቆሞ ማይክሮፎን እስከያዘው ዘፋኝ ሊደርስ ይችላል። ድንኳን የምትተክሉ ሁሉ፣ ስፒከሩ ከመሰቀሉ በፊት የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠርታችሁ የሶኬቱን የምድር መስመር አስፈትሹ።