የውጭ ትምህርት ልውውጥና የሮብ ገበያ ሚዛን

የውጭ ትምህርት ከመሠረቱ ሲታይ የአንድ ወጣት የግል ዕድል ብቻ አይደለም። ተማሪው ሻንጣውን አንግቦ አውሮፕላን ማረፊያ ከመድረሱ በፊት ብዙ ሰው ከፍሎበታል። ከከፋዮቹም መካከል ስሙ ከቶ የማይነሣው ሰፊው አርሶ አደር ግንባር ቀደሙ ነው። ስለ ነፃ የትምህርት ዕድልና ስለ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪ ልውውጥ በተነገረ ቁጥር ይህ ሐቅ ወደ ጎን ስለሚገፋ፣ ጉዳዩን ዛሬ ከሮብ ገበያ ተነሥተን ልንመለከተው ወደናል።

ሮብ ገበያ ከደብረ ማርቆስ በስተ ሰሜን፣ በጮቄ ተራራ ግርጌ የምትገኝ የስናን ወረዳ ከተማ ናት። ስሟ እንደሚመሰክረው የረቡዕ ገበያ ያቋቋማት ናት። ከደጋው ገብስ፣ ድንችና እንግዶ ይወርድባታል፤ ገበሬውም ጨውና ሌላ ሌላውን ገዝቶ ወደ ቀዬው ይመለሳል። የልውውጥን ትርጉም ለዚህ ገበሬ የሚያስተምረው የለም። ባዶ እጁን ወጥቶ ሞልቶ ሊመለስ አይችልም፤ የያዘውን ሰጥቶም ባዶ እጁን መመለስ አይሻም። የተማሪዎች ልውውጥ በዚሁ ሚዛን መመዘን ይገባዋል የሚለው አቋማችን ነው።

የአርሶ አደሩ ክፍያ ከየት ይጀምራል? በ1940 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ግብር አዋጅ በመሬት ላይ የተጣለ ነበር። የጎጃም ደጋ ገበሬ ለትምህርት ሲገብር ትምህርት ቤቶቹ ግን በአመዛኙ በከተሞች ተወስነው ቀሩ። በ1960 ዓ.ም. ደግሞ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲታከልበት፣ ርስቴ ተለክቶ ይወሰድብኛል የሚለውም ሥጋት ተጨምሮ፣ የጎጃም ገበሬ በዐመፅ ተነሣ። መንግሥት ጦር አዘመተበት፤ በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዥውን አዛውሮ ውዝፉን ግብር ለመሰረዝ ተገደደ። ይህ ዐመፅ በትምህርት ላይ የተነሣ ጥላቻ ነበር የሚሉትን አንቀበልም። ከዓመት ዓመት እየከፈለ ምላሹን ያላየ ሰው ያሰማው ድምፅ ነበር።

ልውውጥ ወደ ውጭ በመሄድ ብቻ እንደማይፈጸምም ታሪካችን ያስተምረናል። በ1950 ዓ.ም. የነፃ አፍሪካ መንግሥታት ጉባኤ በአክራ በተካሄደበት ወቅት ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ወጣቶች 200 የነፃ ትምህርት ዕድል እንደምትሰጥ አስታወቀች። ከቅኝ ግዛት አገሮች የመጡት ወጣቶች አዲስ አበባ ገብተው ከኛ ተማሪዎች ጋር በአንድ ክፍል ተቀመጡ። በኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት ሮበርት ኡኮ በአዲስ አበባ ከተማሩት አንዱ ናቸው። የሦስት ሺህ ዓመት ነፃነታችንን እንደ ጌጥ አንጠልጥለን ለኖርነው ለኛ፣ ባዕድ የገዛው አገር ወጣት በፖለቲካ ንቃት ቀድሞን መገኘቱ ድንጋጤ ነበር። የኢትዮጵያ ተማሪዎች ንቅናቄ ከዚህ ግንኙነት ብዙ መቅሰሙን የታሪክ ጸሐፊዎች በሰፊው አትተውታል። እንግዶቹ የተቀበሉትን ያህል ሰጥተውናል።

ወደ ውጭ የሄደው ተማሪ ገጠመኝም ቀላል አልነበረም። ሶቪየት ኅብረት በ1952 ዓ.ም. በሞስኮ የሕዝቦች ወዳጅነት ዩኒቨርሲቲን ከፈተች፤ በዓመቱም የፓትሪስ ሉሙምባ ስም ተሰጠው። የውጭ ተማሪ የመጀመሪያውን ዓመት የሩስያ ቋንቋ በመማር ያሳልፋል። ትናንት በአገሩ መምህሩን በጥያቄ ያስጨንቅ የነበረው ጎበዝ፣ ዛሬ ዳቦ ለመግዛት ቃል ያጥረዋል። የጮቄን ውርጭ የለመደ የደጋ ልጅ እንኳ የሞስኮን ክረምት ሲያይ የአገሩን ብርድ ይመርቃል። ጥቁሩ የአጃ ዳቦና ከዳቦ የሚጠመቀው ክቫስ ግን የገብስ ዳቦና የጠላ አገር ሰው ለሆነ እንግዳ ፈጽሞ ባዕድ አይደሉም። ከዚህ የሚከብደው የሰው ፊት ነበር። በታኅሣሥ 1956 ዓ.ም. አንድ የጋና ተማሪ ሞስኮ አጠገብ ሞቶ በመገኘቱ አፍሪካውያን ተማሪዎች በቀይ አደባባይ ሰልፍ ወጡ። የወንድማማችነት መፈክር በግድግዳ ላይ መለጠፉ የጎዳናውን ንቀት እንዳላስቀረው ያ ሰልፍ በግልጽ አሳይቷል።

በኩባ ደግሞ ሌላ ዓይነት ተሞክሮ ታየ። ከ1969 እስከ 1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት፣ ብዙዎቹ ወላጆቻቸውን በጦርነቱ ያጡ፣ የወጣቶች ደሴት በተባለው ስፍራ ትምህርት ቤቶች ገቡ። ቀኑ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ለትምህርት፣ ግማሹ በብርቱካንና በግሬፕፍሩት እርሻ ለሚሠራ ሥራ ይውላል። ጎበዞቹ እስከ ዩኒቨርሲቲ ዘልቀው ሐኪምና መሐንዲስ ሆኑ። ነገር ግን በ1983 ዓ.ም. የላካቸው መንግሥት ወደቀ፤ በ1984 ዓ.ም. የሶቪየት ኅብረት መፍረስን ተከትሎ አስተናጋጇ ኩባም ራሷ ተቸገረች። ላኪውም ተቀባዩም ሲናጉ ተማሪው በመካከል ቀረ። የመመለሻው መንገድ አስቀድሞ ያልተጠረገለት ተማሪ ምን እንደሚገጥመው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

እስካሁን ያወሳነው የሰውን ጉዞ ነው። ከደጋው ወጥቶ ባሕር የተሻገረ ሌላም አለ፤ እርሱም ገብስ ነው። የሶቪየቱ ሳይንቲስት ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የስንዴና የገብስ ዘር ሰበሰበ፤ የገበሬያችን ማሳ በዘር ዓይነት ብዛት ከዓለም ጥቂት ስፍራዎች ጋር ብቻ የሚወዳደር መሆኑንም ለዓለም አስታወቀ። የሰበሰበው ዘር ሌኒንግራድ ገባ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተማዋ በናዚ ጦር ተከባ ሕዝቧ በረኃብ ሲያልቅ፣ የተቋሙ ሠራተኞች በአደራ የያዙትን እህል ሳይቀምሱ ከመካከላቸው በርካቶች በረኃብ ሞቱ። ቫቪሎቭ ራሱ በ1935 ዓ.ም. በገዛ መንግሥቱ እስር ቤት፣ ሳራቶቭ ውስጥ፣ ሕይወቱ አለፈ። ሳይንቲስቱን አስሮ ዘሩን ያስጠበቀው ሥርዓት ቅራኔ ሰፊ ትንታኔ ይሻል፤ ለዛሬ እንለፈው።

ወደ አሜሪካ የሄደው የኢትዮጵያ ገብስ ደግሞ በካሊፎርኒያ እርሻዎች ቅጠሉን አቢጭቶ ተክሉን የሚያቀጭጨውን የቫይረስ በሽታ የሚቋቋም ዘረመል ሰጠ። የዚያ አገር ገበሬ በዚህ ከኪሣራ ዳነ። ያንን ገብስ በብዙ መቶ ዓመታት ከውርጩና ከበሽታው መካከል እየመረጠ ያቆየው የኢትዮጵያ ደጋ ገበሬ ግን ምን ተከፈለው? እዚህ ላይ ነው ልውውጥ የሚለው ቃል የሚፈተነው። ገብሱ ሄዶ ሠርቷል፤ ለባለቤቱ የተመለሰ ዋጋ የለም።

ሄዶ የተመለሰ ሰው አለን። ዶክተር መላኩ ወረደ በአሜሪካ ነብራስካ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ዘር ማሻሻልን በ1964 ዓ.ም. እስከ ዶክትሬት ተምረው አገራቸው ገቡ። በ1968 ዓ.ም. በጀርመን ፌዴራላዊ ሪፐብሊክ ድጋፍ አዲስ አበባ የተቋቋመውን የዕፅዋት ዘረመል ሀብት ማዕከል ለዓመታት መሩ። በወቅቱ ድርቁ የዘር እህሉን እያስበላ፣ ከውጭ የሚገባው ምርጥ ዘርም የገበሬውን ዘር ከማሳ እያስወጣ ነበር። የምዕራቡ ትምህርት ቤት ያስተማራቸውን ቃል በቃል ቢፈጽሙ ኖሮ የገበሬውን ዘር የኋላ ቀርነት ምልክት ባሉት ነበር። እርሳቸው ግን ዘሩን በማቀዝቀዣ ማስቀመጥ ብቻውን አይበቃም፣ ባለሙያው ገበሬው ራሱ ነው ብለው በወሎና በሸዋ ገበሬዎች የራሳቸውን ዘር በማሳቸው እየመረጡ እንዲያቆዩ አደረጉ። በ1982 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለው ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሰጣቸው። የውጭ ትምህርት አእምሮን ያስኮበልላል ለሚሉም፣ የውጭ የሆነ ሁሉ ይበልጣል ለሚሉም፣ የኒህ ሰው ሥራ በቂ መልስ ነው።

ዛሬ ደብረ ማርቆስ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ የጮቄ ተራራም በአገር ውስጥና በውጭ ተመራማሪዎች ተጠንቷል። ይሁንና ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት ብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ ነበር። የአንደኛ ደረጃ ትምህርቱ የተቋረጠበት የስናን ልጅ ለውጭ ትምህርት ዕድል ሊወዳደር አይችልም፤ ስለ ልውውጥ የሚነጋገሩ ሁሉ አስቀድመው የዚህን ልጅ ክፍል ማስከፈት ይጠበቅባቸዋል።

ከዚህ ቀጥሎ የምናቀርበው ሐሳብ አዲስ አይደለም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ያገለግል ነበር። እኛም በባዕድ አገር የትምህርት ወንበር ላይ የተቀመጥን እንደመሆናችን የምንጠይቀው ከዚያ ያነሰ ነው። በእርሻ፣ በአፈርና በጤና መስክ ለልውውጥ የሚመረጥ ተማሪ ከመሄዱ በፊት አንድ የመኸር ወቅት በወረዳ ይቀመጥ፤ የገበሬውን ዘር፣ አፈርና ችግር መዝግቦ ይዞ ይሂድ። ሲመለስም የጥናቱን ውጤት በአማርኛ አዘጋጅቶ በዚያው ወረዳ፣ ሰው በሚሰበሰብበት በገበያ ቀን ያሰማ፤ ገበሬውም ይጠይቀው፣ ይከራከረው። ለሮብ ገበያ ከሆነ ጥር ይሻላል፤ በሰኔ ማረሻውን ጥሎ ንግግር ሊሰማ የሚመጣ ገበሬ አይገኝም።